ለበረዶ የተሰፋ ልብስ በጣና ላይ፦ የሁለት ጀልባ ሠራተኞች የብርድ ልብስ ግዢ

ባሕር ዳርን በቀን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ የጣና ዓሣ አጥማጅ ይበርደዋል ሲሉት ይስቃል። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር በሸሚዝ የሚንሸራሸሩባት ከተማ ናት። ሐይቁ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል የሌሊቱ አየር ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ማታ የተጣለ መረብ የሚነሳው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሞተር ጀልባው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ጀልባው ሲሮጥ ፊት የሚገርፈው ነፋስ ተጨምሮ፣ ልብስም ከረጠበ፣ 8 ዲግሪ የሚባለው ቁጥር ምንም አይነግርህም።

እዚህ የምጽፈው የአንድ ግዢ ታሪክ ነው። በሁለት ሞተር ጀልባ የሚሠሩ ስድስት ሰዎች፣ ከጥር 2017 እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ ብርድና ውኃ የሚከላከል ልብስ ከየት፣ በስንትና እንዴት እንዳገኙ። የማኅበራቸውን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከአንዱ ልብስ በቀር እያንዳንዱ ብር በእኔ መዝገብ አልፏል። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ሞተሪስትና ሁለት መረብ ሳቢዎች አሉ። የመጀመሪያው ጀልባ ሞተሪስት ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጡ ሁሉም «አያ» ነው የሚሏቸው።

ሲጀመር ምን ይለብሱ ነበር

ከላይ ጋቢ ወይም ያረጀ ካፖርት፣ በዚያ ላይ ለአንገትና ለክንድ የተቀደደ የማዳበሪያ ላስቲክ። ከታች ጂንስ ሱሪ፣ እግር ላይ ቦቲ። ጋቢ ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ጥጥነቱ ይጎዳል። ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እስኪደርቅ ድረስም የሰውነትን ሙቀት ሲመጥ ያድራል። ጂንሱም እንደዚያው ነው። ላስቲኩ ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል፤ ላብ ስለማያስወጣ ግን ሰውየው ከውስጥ ይረጥባል። የጎጃም እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳ ዝናብ በማፍሰስ የሚያህለው የለም፤ ናይለን መረብ በተዘረጋበት ጀልባ ላይ ግን እያንዳንዱ ጭራው መረብ ይይዛል። የመንዝ ባና ሱፍ ስለሆነ ረጥቦም ይሞቃል። ያንን ጠጥቶ የከበደ ነገር ለብሶ ሐይቅ ውስጥ መውደቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ለልብስ ምርጫው ወሳኝ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ከዳር ላለ ሰው አይታየውም። በጥር ሌሊት የጣና ውኃ ከአየሩ ይሞቃል፤ አየሩ 8 ዲግሪ ሲሆን ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መረብ ሳቢው እጁ ውኃ ውስጥ እያለ አያማርርም። የሚያንቀጠቅጠው እጁን ሲያወጣና እርጥቡን ክንድ ነፋስ ሲያገኘው ነው። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና ዋናው ጠላት ብርዱ ሳይሆን እርጥብ ልብስና ነፋስ አንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ወፍራም ልብስ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ነፋስና ውኃ የማያሳልፍ ስስ ልባስ መፈለግ ነበረበት። ይህንን ግን መጀመሪያ ላይ ማንም አላሰበውም፤ ሁሉም የጠየቀው «ወፍራም ጃኬት» ነበር።

ሦስቱ ፕሮፎርማዎች

ማኅበር ሲገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ተሰበሰበ። የሦስቱም ሱቆች ዕቃ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፦ ከቻይና የሚመጣ፣ ጃኬትና ሱሪ ያለው የፒቪሲ የዝናብ ልብስ። ልዩነቱ ቀለሙና ዋጋው ነው። ዋጋው ከ1,400 እስከ 2,100 ብር ይደርስ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶ አልፎ ስለነበር፣ ነጋዴው «ድሮ በገባው ነው የምሸጥላችሁ» ሲል ማመን ይከብዳል። ሆነም ቀረ ዕቃው መጥፎ አይደለም። ስፌቱ በሙቀት የተጣበቀ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። ሙቀት ግን የለውም፤ ብብቱ ላይ ደግሞ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል።

አንዱ ወጣት መረብ ሳቢ ፕሮፎርማውን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ላስቲክ ነው፤ የማዳበሪያው ይሻላል፣ እሱ በነፃ ነው» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ ግዢውም ለጊዜው ቆመ።

የሚኒሶታው ወንድም

የዚያ ወጣት ታላቅ ወንድም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ሚኒያፖሊስ ይኖራል። ነገሩን በስልክ ሲሰማ፣ እዚያ ለዓሣ አጥማጅ ብቻ የሚሠራ የብርድ ልብስ እንዳለ ነገረን። የሚኒሶታ ሐይቆች በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ረግተው በረዶ ይሆናሉ። ሰዉ በረዶው ላይ ወጥቶ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበሳል፣ ዱካ ላይ ቁጭ ይላል፣ መንጠቆውን ወደታች ይለቃል። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ በእግር ለሚሄድ ሰው በረዶው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው ብሎ ይመክራል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆንም ሰዓታት የሚቀመጡ አሉ። ጣና ላይ በታንኳም ሆነ በሞተር የሚሠራ ሰው ይህንን ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አያም ጠየቁት፦ «ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» ለአብዛኛው ሰው መዝናኛ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

ልብሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ጃኬትና እስከ ደረት የሚደርስ ባለ ማንገቻ ሱሪ። ስትራይከር፣ ክላም፣ ኤስኪሞ የሚባሉት ስሞች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ገብቶበታል፣ የእግሩ ጎን በዚፕ ይከፈታል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ለመንሳፈፍ የሚያግዝ ፎም ተሰፍቷል። በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 10,000 የሚል ቁጥር፣ ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው። ጣና ራሱ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ ለጀልባ ፍንጥቅጣቂ ከበቂ በላይ ነው።

ዋጋውስ? በወቅቱ ከ300 እስከ 600 ዶላር፣ ከዚያም በላይ። ለአንድ ሰው ልብስ! ወንድምየው ግን እስከ መጋቢት ታገሡ አለ። በረዶው ሊቀልጥ ሲል ሱቆቹ ለፀደይ ዕቃ ቦታ ስለሚፈልጉ የክረምቱን ልብስ ያራግፋሉ፤ አዲስ ሞዴል ሊመጣ ስለሆነም የአምናው በግማሽ ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ላይ እኛን የጠቀመን አንድ ነገር ነበር። በቅናሽ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው መጠን ወይ በጣም ትንሹ ወይ በጣም ትልቁ ነው፤ መካከለኛውን ሰዉ ቀድሞ ይወስደዋል። እዚያ ገዢ ያጣው ትንሹ መጠን የእኛ አገር ሰው ልክ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ 400 ዶላር የነበረ አንድ ሙሉ ልብስ በ200 ተገኘ። ፖስታ ቤት አልተሞከረም፤ የፖስታው ዋጋ ቅናሹን ይበላዋል። ለፋሲካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አስገባው። መንገደኛው 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶለት ነበር፤ ልብሱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ወንድምየው ገንዘቡን አልቀበልም አለ። እኔ ግን በማነጻጸሪያው ሰንጠረዥ ላይ በጊዜው ምንዛሬ 26,000 ብር ብዬ ጻፍኩት። ስጦታ ነው ብሎ ዋጋውን ዜሮ ማድረግ፣ ነገ ይህንን አይቶ ለስድስት ሰው ልዘዝ ለሚል ማኅበር ውሸት መንገር ነው። ለስድስቱ ቢታዘዝ 156,000 ብር ይሆን ነበር። ያንን የሚሸከም የቀረሶ ዓሣ ዋጋ የለም።

ሰልባጅ ተራ

ልብሱ በመንገድ ላይ እያለ እኛ ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ገባን። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ብዙ የተማርኩበት ቦታ ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሰልባጅ እንዳይገባ የተከለከለ ዕቃ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃል። በኮንትሮባንድ ስለሚመጣ ዋጋው እንደ ኬላው ነው፤ ኬላ ሲጠብቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ በአንድ ሳምንት ይዘላል። ከዚያ ባሻገር ግን ዋጋው የራሱ ሥርዓት አለው። ሻጯ ቦንዳውን፣ ማለትም የልብሱን እስር፣ የምትገዛው እንደታሰረ፣ ውስጡን ሳታይ ነው። ስትፈታው መጀመሪያ የምትፈልገው ዋናዋን ማውጣት ነው። ስለዚህ ቦንዳ በተፈታበት ጠዋት ምርጡ ጃኬት አለ፣ ዋጋው ግን አይነካም። ዋናዋን ካወጣች በኋላ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነውና እጇ ይፈታል። ወዲያው የሚጠየቀው ጥያቄ ታዲያ «ስንት ነው?» መሆን የለበትም፤ «ቦንዳው መቼ ተፈታ?» ነው።

ወቅቱም አለ። ጃኬት ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ይወደዳል፣ ከኅዳር እስከ ጥር እንደገና ይወደዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ስትግል ወፍራም ልብስ የሚነካው የለም፤ ክምሩ ሥር ወድቆ ይገኛል። ሚኒሶታ ላይም ልብሱ የረከሰው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ምክንያቱ ቢለያይም የግዢው ወር አንድ ሆነልን።

አሁን ወደ ምርጫው። ሁለተኛው ጀልባ ሞተሪስት መጀመሪያ ያነሳው ላባ የተሞላ ጥቁር ጃኬት ነበር። ቀላል፣ ለስላሳ፣ ሲለብሱት ወዲያው የሚሞቅ። ዋጋው 2,500 ብር። ጥቁር ስለሆነ የከተማው ወጣት ይሻማበታል። ለጀልባ ግን አይሆንም፤ ላባ ሲረጥብ ይጠቀለልና ሙቀቱ ይጠፋል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ሞተሪስቱ መልሶ ለማስቀመጥ ከብዶት ነበር። በጎን ያለው ክምር ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ በክንዱና በወገቡ ዙሪያ የሚያበራ ጥብጣብ የተሰፋበት ወፍራም ጃኬት ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ የመንገድና የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት። እሱን ማንም አይፈልገውም። የከተማው ወጣት «ትራፊክ አስመሰለኝ» ይላል።

ሻጯ ሴትዮ ራሷ ነገረችን። «ይሄን የመንገድ ሠራተኛ ማን ይለብሰዋል? ከየቦንዳው ሁለት ሦስት ይወጣል፣ እዚሁ ይከርማል።»

«ታዲያ የመጨረሻውን ንገሪኝ፣ እታለም» አለ ሞተሪስቱ።

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ።»

«ይከርማል እያልሽ? ዚፑም ተሰብሯል።»

«ዚፕ ስንት ነው የኔ ልጅ? ሰፊው ያውልህ።»

1,100 ብር ላይ ተስማሙ። ከዚያ በፊት ግን ጃኬቱ ተፈትኗል። ከሃይላንድ ላይ ትንሽ ውኃ ክንዱ ላይ ጠብ አደረግን። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ የውጪው ልባስ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ጨርቁ ከጠቆረና ውኃው ከተንጣለለ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። ይህኛው ትከሻው ላይ ጠቆረ፣ ሌላው ቦታ ተንከባለለ። ቀጥሎ ገልብጠን የውስጡን ስፌት አየን። ጥሩ የዝናብ ልብስ ስፌቱ ከውስጥ በፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸፈነ ነው፤ ጥብጣቡ በጥፍር ሲነካ ከተላጠ ውኃ በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ይህ አልተላጠም። ጨርቁን አፍ ላይ አድርጎ መንፋትም አለ፤ ትንፋሽ ወዲያ ካለፈ ነፋስም ያልፋል።

ከሁሉ የበለጠ የረዳን ግን የውስጥ ኪሱ ሥር የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ናት። የአውሮፓ የሥራ ልብስ ደረጃው ይጻፍበታል። ኢኤን (EN) 343 የሚለው ዝናብ መከላከሉን ነው፣ ከጎኑ የጃንጥላ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ጋር ከሚጻፉት ቁጥሮች የመጀመሪያው ከ1 ጀምሮ ሲጨምር ውኃ የመቋቋም አቅሙም ይጨምራል። ኢኤን 342 ብርድ መከላከሉን ያሳያል፣ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል አለው። የሚያበራው ጥብጣብ ደግሞ ኢኤን አይኤስኦ 20471 በሚለው ይታወቃል። ሻጯም ገዢውም ስለማያነባት ይህች ጨርቅ ዋጋ ውስጥ አትገባም። የተለጠፈውን የታወቀ ስም ተከትሎ ከሚጨመር ሺህ ብር ይልቅ እኔ የጃንጥላዋን ሥዕል እመርጣለሁ።

ዚፑ የተሰበረ ጃኬት ሆን ተብሎ ሊፈለግ ይገባል። ሻጭ ዚፕ ለተሰበረ ልብስ ሰባት መቶ ብር ትቀንሳለች፤ ሰፊው ዚፕ የቀየረው ዕቃውን ጨምሮ በ250 ብር ነው። ውስጡ የተላጠ ወይም ጨርቁ ያለቀ ልብስ ግን በነፃም አይወሰድ፤ እሱን የሚጠግን ሰፊ የለም።

ለአራቱ መረብ ሳቢዎች ያነሳነው የሱፍ ሹራብና የፖሊስተር ሹራብ ነው። በአማካይ 450 ብር። ጥጥ ያለበትን ሁሉ ተውነው። ሰልባጅ ውስጥ ሱፍ የሚታወቀው በመለያው ነው፤ መለያው ከተቆረጠ ክር ስቦ ማቃጠል ያዋጣል። ሱፍ የፀጉር ሽታ ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። ሻጯ ግን እሳት ስታይ ትቆጣለችና ከገዙ በኋላ ነው!

ሐይቁ ላይ

የሚኒሶታው ልብስ የደረሰው ለፋሲካ ነው፤ ሚያዝያ ውስጥ። መጀመሪያ የለበሰው ወንድሙ የላከለት ወጣት ነበር፤ መረብ ሳቢ ነው። ጀልባው ከዳር ሲነሳ ሌሎቹ ተኮራምተው እሱ ይኮራ ነበር። መረብ መሳብ ሲጀመር ግን ነገሩ ተገለበጠ። መረቡ ብዙ ሆኖ፣ ላዩ ላይ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞበት ሲመጣ፣ ልጁ በላብ ተጠመቀ። ሁለተኛው መረብ ሳያልቅ ጃኬቱን አውልቆ ወርውሮ በከናቴራ ቀረ። ያ ማለት ደግሞ ላብ ያጠበው ሰው በንጋት ነፋስ ላይ ያለ ልብስ ቆመ ማለት ነው።

አያ ጃኬቱን አንስተው ደረቡት፤ ሞተሩ ጋ ተቀምጠው ነበር። ወደ ዳር እስክንመለስ አላወለቁትም። «ይሄ የቁጭ ብሎ አዳሪ ልብስ ነው» አሉ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተፈታ። በረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ልብሱ የሚሰፋው ለማይንቀሳቀስ ገላ ነው። የእኛ መረብ ሳቢ ግን በጉልበቱ የሚሠራ ስለሆነ ሰውነቱ ራሱ ያሞቀዋል፤ እሱን የሚገድለው ላቡና እርጥበቱ ነው። ጀልባ ላይ ከሚኒሶታው ሰው ጋር የሚመሳሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሞተሪስቱ። እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ነፋሱን በደረቱ እየተቀበለ፣ ሳይነቃነቅ የሚሄደው እሱ ነው። ከጥር ጀምሮ «ለስድስት ዓሣ አጥማጅ ስድስት ወፍራም ጃኬት» ብለን የጀመርነው ስሌት በዚህ ወደ ሁለት ወረደ። የዋጋ ቅናሽ ከየትኛውም ሱቅ ይልቅ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለ ማንገቻ ሱሪው ግን ለሳቢው ቀረ። ሳቢው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ ነው የሚስበው፤ የጉልበቱ ስፖንጅ እዚያ ላይ ዋጋ አለው። ከመረቡ የሚንጠባጠበው ውኃ ወገብ ላይ በሚያልቅ ሱሪ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ደረት በሚደርስ ሱሪ ግን ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሲሞቀው የእግሩን ዚፕ ይከፍተዋል። አንድ ሙሉ ልብስ ለሁለት ሰው ተከፈለ ማለት ነው። ወንድምየው በስልክ ሲሰማ ሳቀና፣ «እዚያስ ብዙ ሰው ሁለቱንም ለራሱ ነው የሚለብሰው» አለ።

መንሳፈፉንም ሞከርን፤ ዳር ላይ፣ ገመድ ታስሮ። ጃኬቱ ያንሳፍፋል። ግን መለያው ላይ ራሱ የሕይወት ጃኬት ምትክ እንዳልሆነ ተጽፏል፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርም። አያ ከላዩ የሕይወት ጃኬታቸውን ያስራሉ። በክረምት ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ማዕበል ሲነሳ ጣናን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም።

ሰፊው ጋ፣ ከዚያም ሒሳቡ

ለአራቱ ሳቢዎች በመጨረሻ ከፕሮፎርማዎቹ ዝቅተኛውን ወሰድን፤ ያ የተሳቀበት ላስቲክ። አራት ሙሉ ልብስ በ1,400፣ በደረሰኝ። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ፒቪሲ፤ ላብ ሲበዛ ፊቱን መክፈት። የቀረው ችግር እጅጌው ነበር። እጅ ሲነሳ ውኃው በክንድ ውስጥ እስከ ብብት ይወርዳል። ሰፊው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጦ እጅጌው ጫፍ ላይ ሰፋበት፤ ለአንዱ ልብስ 100 ብር። የስፌቱን ቀዳዳ በጧፍ አሽቶ ጨርቅ ጣል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ አለፈበት፤ ፒቪሲው ካውያ ስለማይወድ በቀጥታ አይነካም። ውኃ አላስገባም።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ፒቪሲ 5,600፣ ሹራብ 1,800፣ የሞተሪስቱ ብርቱካናማ ጃኬት ከነዚፑ 1,350፣ የእጅጌ ሥራ 400፤ በድምሩ 9,150 ብር። የሚኒሶታው ልብስ ብቻውን ከዚህ ሁሉ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የ1,350 ብር ጃኬት የለበሰው ሞተሪስት በታኅሣሥ ሌሊት ከአያ ጋር ጎን ለጎን ሲነዳ ቅሬታ አላሰማም። እንግዲህ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ልብሱ ግሩም ነው፣ ለእኛ ግን በግማሽ ዋጋም ውድ ነው። ዘመድ ሲመጣ ባዶ ቦታ ላለው ሻንጣ ካልሆነ በቀር ለእሱ ብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ አይገባም።

ደረሰኝ የሌለውን ግዢ እንዴት መዘገብከው የሚል ሌላ ሒሳብ ያዥ ይኖራል። ሰልባጅ ደረሰኝ የለውም፤ ኦዲተር ደግሞ ያለ ደረሰኝ አያምንም። ስለዚህ ማኅበሩ የገዛው ፒቪሲውን ብቻ ነው። ለሹራቡ፣ ለጃኬቱና ለስፌቱ ለእያንዳንዱ አባል ቅድሚያ ተሰጥቶ ከዓሣ ሽያጩ በየሳምንቱ ተቆረጠ። ፊርማ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ልብሱም የግለሰቡ ስለሆነ ይጠነቀቅለታል፤ የማኅበር የሆነው ፒቪሲ እየተጣለ ነው የሚያድረው።

ከአንድ ክረምትና ከአንድ ታኅሣሥ በኋላ

ከአራቱ ፒቪሲ ሁለቱ መስከረም ሳይጠባ ብብታቸው ተሰነጠቀ፤ በጎማ ማጣበቂያ ማስቲሽ ተለጥፈው እየሠሩ ነው። ሹራቦቹ ደህና ናቸው። የአያ ጃኬት ከከሰል ምድጃ ላይ በተፈናጠረ ፍም ክንዱ ላይ ተበሳ፤ ናይለን እሳት አይችልም። ብርቱካናማው በኦሞ ታጥቦ ውኃ ማንከባለሉን ቀንሷል፤ አሁን በንጹሕ ውኃ ብቻ ይለቀለቃል፣ ጥላ ላይ ይሰቀላል። ጥብጣቡ ግን ያበራል፤ በጭጋግ ጊዜ ከሌላው ጀልባ ባትሪ ሲበራ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው።

ይህንን ያዩ የሌሎች ጀልባዎች ሰዎች ሰልባጅ ተራ እየሄዱ «የመንገድ ሠራተኛውን» መጠየቅ ጀምረዋል። በታኅሣሥ ለፒቪሲው ምትክ ሁለት ተጨማሪ ልንገዛ ስንሄድ ብርቱካናማው ከክምሩ ወጥቶ ከፊት ተሰቅሎ አገኘነው። ሴትዮዋ 2,200 አለች፣ ዚፑም ተሰብሮ። «የዓሣ አጥማጅ ጃኬት ነው የኔ ልጅ» አለችን፣ «አሁንማ ይፈለጋል።» ሳንገዛ ተመለስን፤ መጋቢት እስኪመጣ በማስቲሹ ይቀጥላሉ።